ሜሪላንድ ውስጥ ዴሌጌትና ሴናተር ምን ይሠራሉ? ጉዳይዎን እንዴት ያቀርቡላቸዋል?

ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ አናፖሊስ በሚገኘው የስቴቱ ምክር ቤት ተወካይ አለው። ዜጋ ሆኖ ድምፅ የሚሰጠውም፣ ግሪን ካርድ ያለውም፣ የጥገኝነት ጉዳዩን የሚጠባበቀውም በዚህ እኩል ናቸው፤ ዲስትሪክት የሚከለለው በመራጭ ብዛት ሳይሆን በነዋሪ ብዛት ነውና። ስቴቱ 47 ዲስትሪክቶች አሉት። ከእያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌቶች ስለሚመረጡ ምክር ቤቱ 47 ሴናተሮችና 141 ዴሌጌቶች፣ በድምሩ 188 አባላት አሉት። ሴናተሮቹ ሴኔት፣ ዴሌጌቶቹ ሐውስ በሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተለይተው ይቀመጣሉ። አንዳንድ ዲስትሪክቶች ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብለው ስለሚከፈሉ እዚያ የሚኖር ሰው አንድ ወይም ሁለት ዴሌጌት ብቻ ሊኖረው ይችላል። ሁሉም የሚመረጡት አገረ ገዥው በሚመረጥበት ቀን ነው፤ የሥራ ዘመናቸውም አራት ዓመት ነው።

ሥራቸው በሦስት ይከፈላል። ሕግ ያወጣሉ፣ የስቴቱን በጀት ያጸድቃሉ፣ የዲስትሪክታቸውን ነዋሪ ከስቴቱ መሥሪያ ቤቶች ጋር ያገናኛሉ። ማኅበረሰባችን ብዙ የሚያጣው በሦስተኛው ነው። ሥራ አጥነት ክፍያው ለወራት የቆመበት ወይም የዴይኬር ፈቃዱ የዘገየበት ሰው ጠበቃ ፍለጋ ሲንከራተት ይታያል፤ አንድ ስልክ ደውሎ የዴሌጌቱን ቢሮ በነፃ ማሠራት ሲችል።

የትኛው ጉዳይ የማን ነው?

አብዛኛው ድካም ባክኖ የሚቀረው ጉዳዩ ወደማይመለከተው ቢሮ ስለሚሄድ ነው። በተለይ «ሴናተር» የሚለው ማዕረግ ያሳስታል። ሜሪላንድ ዋሽንግተን የሚቀመጡ ሁለት የአሜሪካ ሴናተሮች አሏት፤ አናፖሊስ ያሉት 47ቱ ደግሞ የስቴቱ ናቸው። ዜግነት፣ ግሪን ካርድ፣ የቤተሰብ ማመልከቻ፣ ፓስፖርት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ሜዲኬር፣ የፌዴራል ታክስ የዋሽንግተኖቹ፣ ማለትም የኮንግረስ አባላት ጉዳዮች ናቸው። የስቴት ዴሌጌት በኢሚግሬሽን ፋይልዎ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም፤ ቢጠይቁት ቢሮው በትህትና ወደ ኮንግረስ አባልዎ ይልክዎታል፤ እርስዎም ያን ያህል ቀን ያጣሉ።

የስቴቱ ተወካይ የሚረዳው ስቴቱ በሚያስተዳድራቸው ጉዳዮች ነው። መንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ የኤምቪኤ ነው። ሥራ አጥነት ክፍያ የሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ፣ ሜዲኬይድ የጤና መሥሪያ ቤቱ፣ ፉድ ስታምፕ የሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ነው። የሲኤንኤ (የረዳት ነርስ) እና የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ የነርሶች ቦርድ ነው። ቤት ውስጥ ዴይኬር ለመክፈት ፈቃድ የሚሰጠው በስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የሕፃናት እንክብካቤ ቢሮ ነው። ኡበርና ሊፍት ለሚነዱ ደግሞ ሜሪላንድ በራሷ የፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን በኩል የሾፌር ፈቃድ ትሰጣለች፤ ያ ፈቃድ ሲዘገይ ወይም ሲከለከል የሚጠየቀው የስቴቱ ተወካይ ነው።

ቆሻሻ ያልተነሣበት፣ የግንባታ ፈቃድ የዘገየበት፣ የካውንቲ አውቶቡስ ያስቸገረው ሰው የካውንቲ ምክር ቤት አባሉን ያነጋግር። አንዳንድ ጉዳይ ግን በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድበው የካውንቲ ሕግ ነው፤ አከራይ ተከራይን በፍርድ ቤት የሚያስወጣበትን ሥርዓት የሚወስነው ደግሞ የስቴት ሕግ ነው። የመጠጥ ፈቃድም እንዲሁ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የካውንቲው ቦርድ ቢሆንም ደንቡ ያለው በስቴት ሕግ ውስጥ ስለሆነ፣ ምግብ ቤት ያለው ሰው ደንቡ እንዲለወጥለት ከፈለገ መንገዱ በካውንቲው የአናፖሊስ ተወካዮች በኩል ነው። ፍርድ ቤት ላይ ያለ ክስ ግን የትኛውም ተወካይ አይነካውም፤ ዳኛ ላይ ጫና ማድረግ አይፈቀድም።

ጉዳይ ሲያስገቡ

መጀመሪያ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አድራሻዎን አስገብተው ተወካዮችዎን ይለዩ። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤታሞች የተለያየ ዲስትሪክት ሊሆኑ ስለሚችሉ የጓደኛዎን ዴሌጌት አይቅዱ። ቢሮው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው አድራሻና ዚፕ ኮድ ነው፤ የሌላ ዲስትሪክት ሰው ከሆኑ ወደ ራስዎ ተወካይ ይመልስዎታል።

ከአራቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ለአራቱም በአንድ ቀን መጻፍ ኃይል የሚጨምር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። አራት ቢሮዎች ስለ አንድ ፋይል ያንኑ መሥሪያ ቤት ሲጠይቁ መልሱ ይምታታል፣ «ሌላው ይዞታል» ብሎ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልሰሙ ያኔ ወደ ሌላው ይሂዱ፤ ለመጀመሪያው መጻፍዎንም ይናገሩ።

ኢሜይሉ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የፋይል ወይም የማመልከቻ ቁጥር፣ ያመለከቱበት ቀን፣ የመጨረሻው ደብዳቤ ቅጂ፣ እና እንዲደረግልዎ የሚፈልጉት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር። «ችግር አጋጥሞኛል እርዱኝ» የሚል ደብዳቤ ተመልሶ ጥያቄ ያመጣል። «ማመልከቻዬ ከማርች 3 ጀምሮ መልስ አላገኘም፤ ምን እንደጎደለ እንዲጠይቁልኝ እፈልጋለሁ» የሚል ግን በዚያው ቀን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሊላክ ይችላል። ፋይልዎን ለማየት የእርስዎ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ቢሮው የሚልክልዎትን የስምምነት ቅጽ ፈርመው ቶሎ ይመልሱ፤ እሱ ካልተመለሰ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም።

እኛ ዘንድ ደጋግሞ ፋይል የሚያስረው የስም ጉዳይ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲያዝ፣ የአያት ስም ደግሞ አንዱ ሰነድ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ሲጠፋ፣ ያው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት ዓይነት ሲጻፍ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሁለት ሰው ያደርገዋል። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር የተሳሳተ እንደሆነም ያው ነው። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ያለውን አጻጻፍ እንዳለ ያስቀምጡ፤ ሌላ ሰነድ ላይ በሌላ መልክ ከተጻፈ ያንንም ለይተው ያሳውቁ።

ስልኩን የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ የተወካዩ ረዳት ነው። ጉዳዩን ከዳር የሚያደርሰውም እሱ ወይም እሷ ናቸው። «ራሱን ዴሌጌቱን ካላናገርኩ» ማለት አያስፈልግም። የረዳቱን ስም ይያዙና በሚቀጥለው ጊዜ በስሙ ጠርተው ይጠይቁ።

90ው ቀን

ምክር ቤቱ በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ተከፍቶ በ90ኛው ቀን፣ በኤፕሪል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። አባላቱ ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ ሥራ አላቸው። በዚያ አጭር ጊዜ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕጎች ይቀርባሉ፤ ያልጸደቀው ረቂቅ የዓመቱ ጉባኤ ሲዘጋ አብሮ ይሞታል፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ መቅረብ አለበት። (ቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ የእናንተ ምክር ቤት የጉባኤው ርዝመትም ደንቡም ሌላ ነው፤ ይህን የቀን መቁጠሪያ አትከተሉ።)

ስለዚህ አዲስ ሕግ እንዲወጣ ወይም ያለው እንዲሻሻል የሚፈልግ ማኅበር ተወካዩን ማግኘት ያለበት በበጋ ነው፣ ቢዘገይ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር። በዚያ ጊዜ ተወካዩ ዲስትሪክቱ ውስጥ ነው፣ ቡና ጠጥቶ ለመነጋገር ጊዜ አለው። ሐሳቡን ከተቀበለ ወደ ሕግ ቋንቋ የሚለውጠው የምክር ቤቱ የራሱ ባለሙያዎች ያሉበት፣ ከፓርቲ ነፃ የሆነ መሥሪያ ቤት ነው፤ እናንተ የሕግ ቃላት መጻፍ አይጠበቅባችሁም። እንደ መጠጥ ፈቃድ ያለ የአንድ ካውንቲ ብቻ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል፤ የካውንቲው ተወካዮች የአካባቢ ረቂቆችን የሚሰሙት ዋናው ጉባኤ ከመከፈቱ በፊት ነው። በፌብሩዋሪ አዲስ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ «ለሚቀጥለው ዓመት» የሚል ነው፤ ዘግይቶ የገባ ረቂቅ የደንብ ኮሚቴውን ካላለፈ ወደ ጉዳዩ ኮሚቴ አይደርስም።

ረቂቅ ሕግ አነባበብ

ረቂቁን ከድረ ገጹ በቁጥሩ ያውጡ። ከሴኔት የመጣው ሴኔት ቢል፣ ከዴሌጌቶች የመጣው ሐውስ ቢል ይባላል። አንዳንዱ በሁለቱም ምክር ቤት በሁለት ቁጥር ይቀርባል፤ ያ ከሆነ ሁለት ጊዜ የመናገር ዕድል አለዎት።

ሰው ብዙ ጊዜ ረቂቁን ከላይ እስከ ታች አንብቦ «ይህ ሁሉ አዲስ ሕግ ነው» ብሎ ይደነግጣል። አይደለም። አብዛኛው ጽሑፍ ቀድሞም የነበረ ሕግ ነው። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈው አዲስ የሚገባው ነው፤ በማዕዘን ቅንፍ [ ] የታጠረው ከነባሩ ሕግ የሚወጣው ነው። ከሥሩ የተሰመረበት በውይይት ላይ በማሻሻያ የገባ፣ መሐሉ የተሰረዘው በማሻሻያ የወጣ ነው። ይህ መፍቻ በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ታትሟል። ትልልቁን ፊደልና ቅንፉን ብቻ ተከትለው ካነበቡ 20 ገጽ የነበረው ወደ ሁለት ገጽ ሊወርድ ይችላል።

ከረቂቁም በፊት የሚነበበው የፊስካል ማስታወሻው ነው። ባለሙያዎቹ አሁን ያለው ሕግ ምን እንደሚል፣ ረቂቁ ምን እንደሚለውጥ፣ ለስቴቱ፣ ለካውንቲዎችና ለትንንሽ ንግዶች ምን ያህል ወጪ እንደሚያመጣ በቀላል ቋንቋ ይጽፉበታል። ጥሩ ሐሳብ ሆኖ የወደቀ ረቂቅ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያ ወጪው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ወጪው የተጋነነ ከመሰለዎት ለኮሚቴው የሚነግሩት ያንን ነው።

ኮሚቴ ፊት መናገር

ረቂቅ የሚኖረውም የሚሞተውም ኮሚቴ ላይ ነው። ታክስና ትምህርት በዴሌጌቶቹ በኩል ዌይስ ኤንድ ሚንስ በሚባለው ኮሚቴ፣ የወንጀልና የፍርድ ቤት ጉዳይ በጁዲሺያሪ፣ የበጀት ገንዘብ በአፕሮፕሪዬሽንስ ይታያል። ረቂቁ በቀረበበት ምክር ቤት የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን ይያዝለታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ድምፅ እንዲሰጥበት የሚያቀርበው የኮሚቴው ሊቀመንበር ነው። ሊቀመንበሩ ካላቀረበው ማንም «አይሆንም» ሳይል የጉባኤው ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ለኮሚቴው አባላት፣ በተለይም ለሊቀመንበሩ፣ የሚላክ ደብዳቤ ለ188ቱም በጅምላ ከሚላከው ይበልጣል፤ ከጸሐፊዎቹ መካከል የእነዚያ አባላት ዲስትሪክት ነዋሪዎች ካሉ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል።

ለመናገር በድረ ገጹ ላይ ማይ ኤምጂኤ የሚባለውን አካውንት አስቀድመው ይክፈቱ። ምዝገባው የሚከፈተው ኮሚቴው አስተያየት ከሚሰማበት ችሎት አንድ ወይም ሁለት የሥራ ቀን በፊት ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው፤ የየኮሚቴው ደንብ ስለሚለያይ መመሪያውን ያንብቡ። ሰዓቱ ካለፈ አናፖሊስ ድረስ ቢሄዱም አይናገሩም። ሲመዘገቡ ድጋፍ፣ ድጋፍ ከማሻሻያ ጋር፣ ወይም ተቃውሞ ብለው ይመርጣሉ፤ የጽሑፍ አስተያየትዎንም በፒዲኤፍ ያስገባሉ። መናገር የማይመቸው ሰው ጽሑፉን ብቻ ማስገባት ይችላል፤ እሱም በመዝገብ ይያዛል።

ጽሑፉ አንድ ገጽ ይሁን። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ «ስሜ እገሌ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ የቤት ለቤት አስታማሚነት ነው። ሐውስ ቢል ቁጥር ይህን ያህል እንዲጸድቅ እደግፋለሁ።» ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ፣ ሕጉ በእርስዎ ኑሮ ወይም ሥራ ላይ የሚያመጣው ምንድን ነው? በሰዓት ስንት ያገኛሉ፣ ስንት ቀን ጠበቁ፣ ስንት ከፈሉ? መጨረሻ ላይ ጥያቄዎን ይድገሙ። ለመናገር የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ በተለመደ ፍጥነት ሲነበብ ወደ 250 የእንግሊዝኛ ቃል ይሆናል። ቤትዎ ድምፅ አውጥተው በሰዓት ይለኩ። ጊዜው የሚያመልጥዎ ምስጋናና መግቢያ ሲያበዙ ነው፤ የእኛ ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ደወሉ ይደወላል። ምስጋናው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አስተርጓሚ ካስፈለገዎ ለኮሚቴው ቢሮ ቀደም ብለው ይንገሩ፤ ትርጉሙ ጊዜውን ስለሚወስድ ንግግሩን በግማሽ ያሳጥሩት።

ችሎቱ ብዙ ጊዜ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ በአንድ ቀን ብዙ ረቂቅ ስለሚሰማ ተራዎ ሲመሽ ሊደርስ ይችላል። ከሥራ ሙሉ ቀን ይውሰዱ። መታወቂያ ይያዙ፤ በሩ ላይ ፍተሻ አለ። የምክር ቤት አባላት ጥያቄ ከጠየቁዎትና መልሱን ካላወቁ «አጣርቼ በጽሑፍ እልክላችኋለሁ» ይበሉና ይላኩ። በግምት የተመለሰ መልስ ስህተት ሆኖ ሲገኝ የደገፉትን ረቂቅ ይጎዳል።

ከዚያ በኋላ

ኮሚቴው ካሳለፈው ረቂቁ ለሙሉ ምክር ቤቱ ይቀርባል። ማሻሻያ በሁለተኛው ንባብ ይታያል፤ በሦስተኛው ንባብ የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስሙ ይመዘገባል። ለማለፍ ከዴሌጌቶች 71፣ ከሴናተሮች 24 ድምፅ ያስፈልገዋል። ወደ ሌላው ምክር ቤት ተሻግሮ ያንኑ መንገድ እንደገና ይሄዳል፤ በማርች መጨረሻ ያልተሻገረ ረቂቅ ተስፋው የመነመነ ነው። ሁለቱም ካጸደቁት ወደ አገረ ገዥው ይሄዳል። ካልፈረመም ካልሻረም በተሰጠው ቀን ገደብ ሕግ ይሆናል። ከሻረው ሦስት አምስተኛው ድምፅ፣ ማለትም 85 ዴሌጌቶችና 29 ሴናተሮች፣ ሽረቱን ሊያነሡ ይችላሉ። ተወካይዎ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ድረ ገጹ ላይ ስላለ በምርጫ ጊዜ ከሚናገረው ጋር ያስተያዩት።

ይህ መንገድ ውጤት ያመጣል። ከ2014 መጀመሪያ ጀምሮ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች መንጃ ፈቃድ የሚያገኙት፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የስቴቱ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 15 ዶላር የሆነው በአናፖሊስ በወጡ ሕጎች ነው።

ገንዘቡ

አገረ ገዥው በጀቱን በጃንዋሪ ያቀርባል። ገቢና ወጪው መመጣጠን አለበት። ቀድሞ ምክር ቤቱ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር፤ በ2020 ሕዝቡ በድምፁ ባጸደቀው ማሻሻያ ምክንያት ከ2024 የበጀት ዓመት ጀምሮ አገረ ገዥው ካቀረበው ጠቅላላ ድምር እስካላለፈ ድረስ ለአንዱ ጨምሮ ከሌላው መቀነስ ይችላል። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል።

ለማኅበራት የሚጠቅመው ግን ቦንድ ኢኒሼቲቭ የሚባለው ነው። ተወካዩ ለአንድ የማኅበረሰብ ተቋም ሕንፃ መግዣ፣ መሥሪያ ወይም ማደሻ ከስቴቱ የካፒታል ገንዘብ ይጠይቃል። ለደመወዝ ወይም ለበዓል ዝግጅት አይሰጥም። ገንዘቡ ለሃይማኖት ትምህርት ወይም ለአምልኮ እንዳይውል ሕጉ ይከለክላል፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለጸሎት ቤቱ ሊጠይቀው አይችልም። ብዙ ጥያቄዎች የሚወድቁት የቦታው ባለቤትነት ወይም የረጅም ጊዜ ኪራይ ሰነድ ሳይያዝ፣ የሕንፃው ወጪ በባለሙያ ሳይገመት ስለሚቀርቡ ነው። ማኅበሩም የራሱን ድርሻ የገንዘብ መዋጮ ማሳየት ሊጠየቅ ይችላል። ሰነዱን በኖቬምበር ጨርሳችሁ ተወካዩ ጋ ቅረቡ።

ልጅ ኮሌጅ የሚልክ ቤተሰብ ደግሞ ይህን እንዳያልፈው። በሜሪላንድ እያንዳንዱ ሴናተርና ዴሌጌት በስሙ የሚሰጠው የትምህርት ድጎማ አለ። የሴናተሩ በዓመት ከ400 ዶላር፣ የዴሌጌቱ ከ200 ዶላር ይጀምራል፤ ከዚያ በላይም ይሄዳል። ፋፍሳውን (የፌዴራል የተማሪ ድጎማ ማመልከቻውን) እስከ ማርች 1 መሙላት ግዴታ ነው፤ ፋፍሳ መሙላት የማይችል ተማሪ የስቴቱን የራሱን ማመልከቻ ይሞላል። ከዚያ በተጨማሪ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ ቅጽ፣ ድርሰትና ቀን ገደብ ሊኖረው ይችላል። እዚህ ላይ ደንቡ ከላይ ካልነው ይለያል፤ ለአራቱም ያመልክቱ። ፋፍሳ ብቻ ሞልቶ የተወካዩን ቅጽ ያላስገባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል።

የማኅበራት ጥንቃቄ

ከታክስ ነፃ የሆነ እድር፣ ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ በመጠኑ መናገርና መጻፍ ይችላል፤ እጩን በስም መደገፍ ግን ነፃነቱን ያሳጣዋል። ተወካዩን በበዓል ዝግጅት ጋብዞ ስለ ሥራው እንዲናገር ማድረግ ይቻላል፤ በዚያ መድረክ ላይ «ምረጡት» ማለት አይቻልም። በ90ው ቀን ውስጥ አባላቱ የምርጫ ገንዘብ እንዳያሰባስቡ ሕጉ ይከለክላል፤ በፌብሩዋሪ የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ማዘጋጀት ተወካዩንም አዘጋጁንም ችግር ውስጥ ይከታል።

ሕጉ ከጸደቀ በኋላም ሥራ አለ። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ብዙ ጊዜ ጁን 1፣ ጁላይ 1 ወይም ኦክቶበር 1 ሲሆን በረቂቁ የመጨረሻ ክፍል ላይ ይጻፋል። ከዚያም መሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ደንብ ያወጣል፤ ቅጹ ምን እንደሚጠይቅ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ሰነድ እንደሚቆጠር የሚወሰነው እዚያ ነው። የደንቡ ረቂቅ በስቴቱ ይፋዊ ጋዜጣ፣ በሜሪላንድ ሬጂስተር ታትሞ ሕዝቡ አስተያየት የሚሰጥበት ቢያንስ 30 ቀን አለው። የተወካዩን ቢሮ «ደንቡ ሲወጣ አሳውቁን» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ ሲደርሳችሁም በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ ጻፉ።